አማካዩ ሰውዬና እኔ

ስድሳ ዓመት ሞልቶሃል፣ ጡረታ ውጣ ሲሉኝ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ ተጠራጠርኩ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ዕድሜ ካርድ ላይ ሲጻፍ ያየ ሰው የራሱንም ዕድሜ በቀላሉ አያምንም። በእኛ አገር በሽተኛ ሁሉ ወይ አርባ ነው፣ ወይ ሃምሳ፣ ወይ ስድሳ። «አርባ ሦስት ዓመቴ ነው» ብሎኝ የሚያውቅ ገበሬ ቢኖር አንድ ነው፤ እሱንም ሚስቱ ወዲያው «ኧረ ሃምሳ አልፎታል» ብላ አረመችው። ያም ሆነ ይህ ደብዳቤው ደርሶኝ፣ ቢቸና ካለው ቢሮዬ መሳቢያዬን ባዶ አድርጌ ወጥቻለሁ።

የሥራዬ መጠሪያ የጤና መረጃ ሠራተኛ ነው። አምበር ከተማ ትኖር የነበረችው እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይህ ስም አልገባ ስላላት ለጎረቤት «ልጄ ሐኪም ቤት ነው የሚሠራው» ትል ነበር። ስለዚህ ለፋሲካ ቤት በገባሁ ቁጥር ቁስሉን፣ ዓይኑንና የልጁን ሆድ ሊያሳየኝ የሚመጣው ሰው ደጁን ይሞላል። እኔ የማውቀው መቁጠር ብቻ ነው ብል ማን ይሰማኛል? «ጤና ጣቢያ ሂዱ» የምትለዋ ምክሬ ግን አልፎ አልፎ ሰው ሳታድን አልቀረችም።

የመጀመሪያ ምድቤ ሞጣ ነበር፤ ካርድ ክፍል። አለቆቼ በጠቅላላው ሰባት ናቸው። አንዱ ሙሉ ቁጥር ይወድ ነበር፤ ዘጠና ሰባት ሰው ታከመ ብዬ ሪፖርት ሳቀርብለት «መቶ አይሞላም?» ይለኛል። ሌላው ያነበበውን አይፈርምም፣ የፈረመውን አላነበበም። ሦስተኛው ከሰኞ እስከ ዓርብ ስብሰባ ላይ ነበር፤ እንዲያውም መልኩን በደንብ ያወቅኩት ሲሸኝ ነው። ስለ ደመወዝ አላወራም፤ አውርቼውም ጨምሮ አያውቅም።

እውነተኛ አለቃዬ ግን በወረቀት አለቃዬ ያልነበሩት ሲስተር ከድጃ ናቸው። ከደሴ ተመድበው መጥተው ሞጣ ላይ የቀሩ፣ የሳንባ ነቀርሳ ክፍል ነርስ ነበሩ። አጠር ያሉ፣ ፈጣን፣ ሲቆጡ እንኳ የሚስቁ ሴት ናቸው። እጃቸው ሥር የገባሁት መዝገባቸውን እንዳስተካክል ተልኬ ሲሆን፣ ስወጣ የተስተካከልኩት እኔ ነበርኩ።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው የሚዛኑ ነው። ጠዋት በር ሲከፈት፣ ማንም በሽተኛ ሚዛኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት፣ በጨርቅ የሰፉትን የአሥር ኪሎ ድንጋይ ከጠረጴዛው ሥር ያወጡና ይጭናሉ። መርፌው አሥር ካላለ ሥራ አይጀመርም። ወረፋው ደጅ ድረስ ተሰልፎ፣ ሰው እያጉረመረመ፣ እሳቸው ተንበርክከው የሚዛኑን ቡሎን ሲያስተካክሉ አይቻለሁ። አንድ ቀን ትናንትም ደህና ነበር፣ ለምን በየቀኑ ይለካል ብዬ ጠየቅኳቸው። የማላውቀውን ሰው ከመመዘኔ በፊት የማውቀውን ልመዝን ብዬ ነው አሉኝ።

ሁለተኛው ልማዳቸው እኔን በጣም ያናድደኝ ነበር። ሪፖርት ሳቀርብላቸው ጣታቸውን አንዱ ቁጥር ላይ ይተክሉና «ይኼ ማን ነው?» ይላሉ። አምስት ሰዎች አቋርጠዋል ካልኩ የአምስቱን ካርድ ማምጣት አለብኝ። የታካሚዎቻችን አማካይ ዕድሜ ሠላሳ ሰባት ነው ብዬ ስጽፍም ጣታቸው እዚያው ላይ አረፈ። ይህ አማካይ ነው ሲስተር፣ ሰው አይደለም አልኳቸው። እንግዲያው አልጋ አያስፈልገውም ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ የሳቅኩበት ሰውዬ ኋላ ምን እንደሚያደርገኝ ግን አላወቅኩም።

ከሞጣ ወደ ቢቸና የተዛወርኩት ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ቢቸና ላይ ኮምፒውተር ጠበቀኝ፤ ትምህርትም ጠበቀኝ። በየክረምቱ እየሄድኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን ያዝኩ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ገና ተምሬ ሳልጨርስ መጠምጠሙን አስቀደምኩት። ቢሮ ውስጥ ሰው ሰላም ሲለኝ እንኳ በፐርሰንት ነበር የምመልሰው።

ከተማርኩት ሁሉ ልቤን የወሰደው ሰርቫይቫል የሚባለው ትንተና ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ የሚጠይቀው ጥያቄ ቀላል ነው፤ አንድ ነገር እስኪደርስ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል? የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ስድስት ወር ይዋጣል። ሁለተኛው ወር ላይ ሳል ይጠፋል፣ ላብ ይቆማል፣ ሰውም ድኛለሁ ብሎ መድኃኒቱን ይተዋል። በሽታው ግን አልተወውም፤ ሲመለስ በርትቶ ነው። እኔም የትኛው በሽተኛ ሊያቋርጥ እንደሚችል ከወዲሁ ማወቅ እችላለሁ ብዬ ተነሳሁ።

እዚያ አካባቢ አለምነሽ የምትባል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። በየጎጡ ተበትነው የሚኖሩትን በሽተኞች ቤት ለቤት የምታየው እሷ ስትሆን፣ ሁሉን ለማዳረስ ሁለት እግር አይበቃትም። ሐሳቤ ጥሩ ነበር። የማቋረጥ አደጋው እኔ ካሰመርኩት መስመር ያለፈ በሽተኛ ቀይ ካርድ ይሰጠዋል፤ አለምነሽ በየሳምንቱ ቤቱ ትሄዳለች። አደጋው ዝቅ ያለ አረንጓዴ ይሰጠዋል፤ ራሱ እየመጣ መድኃኒቱን ይወስዳል።

ከመጋዘን የድሮ ካርዶች አውጥቼ፣ አቧራቸውን አራግፌ፣ ሦስት ወር ሙሉ ወደ ኮምፒውተር አስገባሁ። ለእያንዳንዱ ሰው ኪሎውን፣ ጾታውንና ከጤና ጣቢያው ያለውን የእግር መንገድ በሰዓት ጻፍኩ። ፕሮግራሙ አስልቶ ሁለት ነገር ሰጠኝ። አንደኛው የእያንዳንዱ ነገር ተጽዕኖ ነው፤ አንዲት ኪሎ አደጋውን ምን ያህል እንደምትቀንስ፣ አንዲት የመንገድ ሰዓት ምን ያህል እንደምትጨምር። ሁለተኛው መነሻ ነው፤ የሁሉም ሰው አደጋ ከእሱ ተነስቶ ይሰላል። እኔም መነሻውን ይዤ የሰውየውን ኪሎ በኪሎው ተጽዕኖ፣ መንገዱን በመንገዱ ተጽዕኖ እያባዛሁ፣ ማንኛውም ነርስ በጣቷ ተከትላ የምታነበው ሠንጠረዥ ሠራሁ። በቀለም አሳትሜ ግድግዳ ላይ ስለጥፈው፣ ልጅ እንደተወለደለት አባት ሁለት ጊዜ ወጥቼ ተመልሼ አየሁት።

ጠንቃቃ ነኝና ፈተሽኩትም። ቀጭኑና ሩቁ ሰው ከላይ፣ ወፍራሙና ቅርቡ ከታች ሆነው ተሰልፈዋል። ቅደም ተከተሉ አንድም የተዛነፈ የለው። ሥራ ላይ ዋለ።

አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆነ። ቀይ የሚወጣለት ሰው ታጣ። አለቃዬ ደስ አለው፤ ወረዳችን እኮ ተለወጠ አለ። አለምነሽም ደስ አላት፤ ጫማዋ አረፈ። እኔማ ምን ይወጣልኝ፤ ለሌላ ወረዳ ላስተምር የሥልጠና ጽሑፍ ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለካ ለዚህ ነው።

ጥቅምት ላይ አንድ ጠዋት ስምንት የቅኔ ተማሪዎች መምህራቸውን በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያው ደረሱ። መሪጌታ ይትባረክ ይባላሉ። ከአራት ሰዓት መንገድ በላይ ተሸክመዋቸው ልብሳቸው በላብ ርሷል። ሰውየው አጥንትና ዓይን ብቻ ቀርተዋል፤ ደም ያስላቸዋል። ካርዳቸው ወጣ። ግንቦት ላይ መድኃኒት ጀምረዋል፤ ነሐሴ ላይ ቀርተዋል። አለምነሽ አንድም ቀን ቤታቸው አልሄደችም። ካርዱ ጥግ ላይ የእኔ አረንጓዴ ቀለም አለች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። መሪጌታ ለፍልሰታ ሱባኤ ወደ አንድ ገዳም ገቡ። መድኃኒቱ ጠዋት በባዶ ሆድ የሚዋጥ ስለሆነ፣ ከቅዳሴ በፊት ውሃ አልቀምስም ብለው ቤት ትተውት ሄዱ። አሥራ አምስት ቀን አለፈ፤ ምንም አልሆኑም። ሲመለሱ ደህና ስለነበሩ ረሱት። አለምነሽ በየሳምንቱ ብትሄድ ኖሮ የነፍስ አባታቸውን አነጋግራ መፍትሔ ባገኘችለት ነበር፤ እንዲህ ያለውን በየጾሙ ታደርገዋለች። ኋላ የነፍስ አባታቸው ራሳቸው መጥተው በሽተኛን መድኃኒት ማን ከለከለው ብለው አልቅሰዋል።

ያን ሳምንት እንቅልፍ የለኝም። ኮምፒውተሩን ይዤ፣ በደብረ ወርቅ በኩል በሚኒባስ ሞጣ ሄድኩ። ሲስተር ከድጃ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወር ቀርቷቸዋል። ሠንጠረዡን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋሁት። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት፤ ጣታቸውን ግን የትም አላሳረፉም።

«መልሱን አስቀድመህ የምታውቀው ሰው አለህ?» አሉኝ።

አሰብኩ። አንድ አለ። ፕሮግራሙ በመካከለኛው በሽተኛ ላይ ከአሥር ሰው አንድ ያህል ያቋርጣል ብሎ ነግሮኛል። መካከለኛው በሽተኛ ማን ነው ቢሉኝ ከፕሮግራሙ አነበብኩላቸው፤ አርባ ስምንት ኪሎ፣ የሁለት ሰዓት መንገድ፣ ከአሥር በሽተኛ አራቱ ሴት ስለሆኑ አራት አሥረኛ ሴት።

ሲስተር መነጽራቸውን አወለቁ። «ይኼን ሰው ከወንዶቹ ጋር ነው የምናስተኛው ከሴቶቹ?» ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ወዲያው ኮስተር አሉ። «በል አስገባው። ከአሥር አንድ ካላለ ሚዛንህ ተበላሽቷል።»

አስገባሁት። ከመቶ ሁለት እንኳ የማይሞላ አደጋ ወጣለት። አማካዩ ሰውዬ በእኔ ሠንጠረዥ የራሱ አደጋ አንድ ስድስተኛ ብቻ ደረሰው።

የፕሮግራሙን መመሪያ ያነበብነው ከዚያ በኋላ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው፤ የሚያድነኝ አንድ መስመር ዘልዬው ያለፍኩት ገጽ ላይ ነበር። ፕሮግራሙ ስሌት ከመጀመሩ በፊት ከእያንዳንዱ ሰው ኪሎ ላይ አማካዩን ኪሎ፣ ከመንገዱም ላይ አማካዩን መንገድ ይቀንሳል። ይህን የሚያደርገው ቁጥሮቹ እንዳያብጡና ስሌቱ እንዳይሰናከል ነው። ተጽዕኖዎቹ አይለወጡም፤ ቅደም ተከተሉም አይለወጥም። የሚዛወረው መነሻው ብቻ ነው። መነሻው ዜሮ ኪሎ የሚመዝን ሰው ሳይሆን አርባ ስምንት ኪሎ የሚመዝነው አማካዩ ሰውዬ ነበር። እኔ ግን የእያንዳንዱን በሽተኛ ኪሎ ከዜሮ ጀምሬ አባዛሁት። ከደብረ ወርቅ የተነሳ መኪና ወደ ሞጣ የሚቀረውን መንገድ ከቢቸና እንደተነሳ አድርጎ እንደ መቁጠር ነው። ስለዚህ የሁሉም ሰው አደጋ እኩል ስድስት እጥፍ አነሰ። ሰልፉ ስላልተዛነፈ እኔ አላወቅኩም፤ ቀዩን መስመር የሚያልፍ ሰው ግን ጠፋ።

የመሪጌታን ቁጥር በትክክል አሰላሁት። አርባ ሁለት ኪሎ፣ የአራት ሰዓት መንገድ። አደጋቸው ከአማካዩ ሰው ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። በእኔ ሠንጠረዥ ከአማካዩ ግማሽ አይደርስም ነበር። ሲስተር ፊት አለቀስኩ። አላባበሉኝም፤ ሌሎቹን በሽተኞች ማን ሊያያቸው ነው ብለው ወደ ሚኒባሱ መለሱኝ።

ሠንጠረዡን በአንድ ሌሊት አረምኩት። ግማሽ ወንድ ግማሽ ሴት የሆነውን ሰውዬ አሰናብቼ፣ በእሱ ፋንታ ልናገኛት የምንችል ሰው መነሻ አደረግኩ፤ ሃምሳ ኪሎ የምትመዝን፣ ከጤና ጣቢያው አንድ ሰዓት ርቃ የምትኖር ሴት። አሥራ አንድ ቀይ ካርድ ወጣ። ከአለምነሽ ጋር አሥራ አንዱንም ቤት በእግራችን ዞርን። ሁለቱ አቋርጠው አገኘናቸው፤ መለስናቸው። አንዷ አሮጊት ለከተማ ጫማዬ አዝነው የልጃቸውን የጎማ በረባሶ አዋሱኝ።

ከዚያ ወደ መሪጌታ ሄድኩ። ተኝተው የሚታከሙበት ክፍል ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ እንደ ሊቅ አንድም ቃል አላቋረጡኝም።

«ያ አማካይ ያልከው ሰው አገሩ የት ነው?» አሉኝ።

«የለም መሪጌታ። የትም የለም።»

«እኔ እኮ ካለ ሰው ጋር ብለካ ይሻለኝ ነበር» አሉና ሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ጾሜን የጾምኩት እኔ፣ መድኃኒቱን የረሳሁት እኔ፣ አንተ ብቻህን አትሸከመው አሉኝ። አላቀለለልኝም።

በሽታው የመጀመሪያውን መድኃኒት ስለለመደው ወደ ጠንካራው ተዛወሩ፤ ከመርፌ ጋር። ዳኑ። መርፌው ግን የግራ ጆሯቸውን ወሰደው። የቅኔ መምህር ሥራው መስማት ነው። ተማሪው ሲያስብ አድሮ ያዘጋጀውን ቅኔ በቃሉ ይነግራቸዋል፤ እሳቸው በጆሯቸው ይዘው ስህተቱን ይነቅሳሉ። አሁን ተማሪዎቻቸው በቀኝ በኩል ይሰለፋሉ። ጉባኤያቸውን ልጎበኝ ስሄድ፣ ማንሾካሾክ ቀረ፣ ልጆቹ ሁሉ ድምፃቸው ተከፈተ፣ ይህስ ትርፍ ነው እያሉ ያጫውቱኛል። እኔ ግን በግራ በኩል መቀመጥ አልችልም።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ይህን ሁሉ መጻፌ ከንቱ ነው። ለበላይ አካል ያቀረብኩት ሪፖርት «ሠንጠረዡ ተሻሽሏል» ብቻ ይላል። ምን እንደነበረበት፣ ማን እንደተጎዳ አልጻፍኩም። ያውቁ የነበሩት ሲስተር፣ አለምነሽና መሪጌታ ናቸው። እነሱ ማንንም አልነገሩም፤ እኔም ዝም አልኩ። ዓመት በዓመት ላይ ሲጨመር ዝምታው እውነት መሰለ።

የሽኝቴ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጋቢ አለበሱኝ፤ የግድግዳ ሰዓትም ሰጡኝ፤ ጊዜ ሲተርፈኝ እንዳየው ነው መሰለኝ። መሪጌታን ጠርቻቸው መጥተው፣ ቀኝ ጆሯቸው ወደ እኔ እንዲሆን በግራዬ ተቀምጠዋል። ሰባተኛው አለቃዬ፣ ገና ወጣት የሆነ ጨዋ ሰው፣ ከወረቀት ንግግር አነበበ። አቶ ሙሉቀን በሠላሳ አራት ዓመት አገልግሎታቸው አንድም ስህተት ያልተገኘባቸው ናቸው አለ። ተጨበጨበ።

መሪጌታ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ። «ምን አለ ልጁ?»

ኋላ እነግርዎታለሁ አልኳቸው። አሁን ንገረኝ አሉ። ዝግ ባለ ድምፅ ነገርኳቸው፤ አልተሰማቸውም። አጠገቤ ያሉት ዞረው ማየት ጀመሩ። ወደ ጆሯቸው ተጠግቼ ጮክ አልኩ። «አንድም ስህተት አልተገኘበትም አሉኝ!»

አዳራሹ ሳቀ። መሪጌታ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። ተማሪ ቅኔው ሲሰበርበት ራሱ እስኪያርመው የሚጠብቁት እንደዚህ ነው፤ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው ጠበቁኝ። ከዚያ ተነስቼ ቆምኩና ከአማካዩ ሰውዬ ጀምሬ እስከ ግራ ጆሯቸው ድረስ ሁሉንም ተናገርኩ፤ እሳቸው እንዲሰሙ ጮክ ብዬ። ስጨርስ ማንም አላጨበጨበም። ተቀመጥኩ፤ ልቤ ግን ያን ያህል ቀልሎኝ አያውቅም።

ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፤ ጠረጴዛዬን የተረከበችው የመረጃ ባለሙያ ናት። አሁን የምንሠራበት አዲሱ ፕሮግራምስ ከማን ነው የሚነሳው ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም ነበር። ከእኔ ሠንጠረዥ ወዲህ ፕሮግራሙ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ ማንም አላየውም።

ስለዚህ በጡረታዬ የመጀመሪያ ሰኞ ከዘበኛው ቀድሜ ቢሮ ደረስኩ። ልጅቷ መጣች፤ ኮምፒውተሩን ከፈትን። መጀመሪያ ያስገባነው መልሱን የማውቀውን ሰው ነው፤ አርባ ሁለት ኪሎና የአራት ሰዓት መንገድ። ቀይ ወጣ። እንዳልተሳሳትን ሁለቴ ደገምነው፤ ቀይ ነው። ወዲያው ለመሪጌታ ደወልኩ፤ ስልኩን በቀኝ ጆሮዎ ያድርጉት ብዬ ነገርኳቸው።

«ቀይ ከሆንኩማ» አሉ፣ «ሰው ላኩብኝ እንጂ። ስንት ዓመት ጠበቅኩ።»

አለምነሽ ያን ቀን ሌላ ቀበሌ ነበረች። እኔው ሄድኩ።